ቀይ ሙጫ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እትዬ መርፌ ሁለቱንም ታውቃለች። በሙዚየሙ የነፍሳት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቢራቢሮና የእሳት እራት በመርፌ ስትወጋ፣ ክንፋቸውን በሰሌዳ ላይ ስትዘረጋ ስለኖረች ባልደረቦቿ ይህን ቅጽል አወጡላት፤ የራሷ ስም እስኪረሳ ድረስ። እርሷን የወጓት ግን አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አስተማሪዋ የነበሩት ፕሮፌሰር።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። በሞቃታማው የቆላ ደን ነጭ አንሶላ ሰቅላ፣ መብራት አብርታ ስትጠብቅ ከዚያ በፊት ማንም ያላያት አንዲት የእሳት እራት መጥታ አረፈች። ክንፏ እርጥብ አመድ ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀጭን መስመር ዞሮበታል። የያዘቻት እርሷ፣ ያደረቀቻት እርሷ፣ የሣለቻትም እርሷ ናት። ፕሮፌሰሩ ግን ግኝቱን ለብቻቸው ጽፈው አወጡ፤ ፍጥረቷንም በሟች እናታቸው ስም ሰየሟት። ይፋ በተደረገበት ዕለት እትዬ መርፌ እናቷን አምጥታ ከፊት ወንበር አስቀምጣ ነበር። እናት ለዕለቱ አዲስ ጫማ ገዝታለች። ፕሮፌሰሩ አመስግነው አመስግነው፣ ሾፌሩን ሳይቀር በስሙ ጠርተው፣ በመጨረሻ «መብራት የያዘችልንን ሠራተኛ» አሉና ከመድረክ ወረዱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ፣ «የቱ ጋ ነው የጠሩሽ? ጆሮዬ ነው መሰለኝ ያለፈኝ» አለቻት።

«ጠርተውኛል እማዬ። ጆሮሽ ነው።»

እናት ከዚያን ቀን ጀምሮ ደህናውን ጆሮዋን እንደ ደከመ ቆጥራ፣ ሰው ባነጋገራት ቁጥር «ከፍ አድርጋችሁ ንገሩኝ» እንዳለች ሞተች። እትዬ መርፌ ፕሮፌሰሩን ስለ ሌላው ሁሉ ይቅር ብትል እንኳ ለእናቷ ስላስዋሿት ስለዚያች ውሸት ይቅር ልትላቸው አልቻለችም።

ቂም ሲከርም የቤት ዕቃ ይሆናል፤ ሰው በጎኑ እያለፈ ይኖራል። የእርሷም በዚህ መልክ ከርሞ ሳለ ከአንድ የባሕር ማዶ ሙዚየም ደብዳቤ መጣ። ከዚያች የእሳት እራት አንዲት እግር ተልኮላቸው ዘረመሏን መርምረው ነበር፤ ውጤቱ ፕሮፌሰሩ ስለ ሆዷ ከጻፉት ጋር ፈጽሞ አልገጠመም። «ይህች ፍጥረት በእውነት ማን ናት?» ይላል ደብዳቤው። የክፍሉ ኃላፊ ነገሩ አስጨነቀው። በወሩ መጨረሻ አዲሱ አዳራሽ በፕሮፌሰሩ ስም ሊመረቅ ቀጠሮ ተይዟልና፣ ከዚያ በፊት ጉዳዩን እንድታጠራው ደብዳቤውን ከነኃላፊነቱ ለእትዬ መርፌ ሰጣት።

በዚህ ሙያ የአንድ ፍጥረት ስም የሚንጠለጠለው በአንዲት ናሙና ላይ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተሰካችው ያች አንዲት ደረቅ አካል የስሙ ምስክር ናት፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት በእርሷ ነው። ክንፋቸው የሚመሳሰል የእሳት እራቶች ደግሞ የሚለዩት በሆዳቸው ጫፍ ባለው አካል ነው። እትዬ መርፌ ምስክሯን አውጥታ ከማይክሮስኮፕ ሥር አኖረቻት፤ ሆዷን ለይታ ልታይም ከደረቷ የሚገናኝበትን በፈሳሽ ጠብታ አራሰችው። ሆዱ ተላቀቀ። በወረንጦ አንሥታ አገላብጣ ስታየው አወቀችው፤ ጎመን የሚፈጀው ትል ሲያድግ የሚሆናት፣ ጓሮ ያለው ሁሉ የሚረግማት ተራ የእሳት እራት ሆድ ነው።

የፕሮፌሰሩ ዝና የቆመው በጎመን ትል ሆድ ላይ ነበር። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ብቻዋን ሳቀች። ሳቋ ግን አፏ ላይ ደረቀ፤ መጋጠሚያው ላይ የቀረው ሙጫ ቀይ ነበር።

በዚያ ቤት ሙጫ ውስጥ ቀይ ቀለም ጠብ የምታደርግ እርሷ ብቻ ናት። የደረቀ ሆድ በትንሽ ንክኪ ይወድቃል፤ ይጣበቃልም። እርሷ ግን ከኋላዋ የሚመጣ እንዳይታለል ጥገናዋን በቀለም ትለያለች፤ ከመርፌው ሥርም «ሆዱ የተጣበቀ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ትሰካለች። ይህችን በጠገነችበት ዕለት ሰሌዳዋ ላይ ሁለት ሆዶች ወድቀው እንደነበር ትዝ አላት። ያነሣችው የሌላዋን ነው። ታዲያ ወረቀቱ የት ገባ? ያኔ ራሷ ያነሣችውን ፎቶግራፍ ከመዝገብ አወጣች። ፎቶው ላይ ከመርፌው ሥር ሦስት ወረቀቶች ይታያሉ፤ ዛሬ ያሉት ሁለት ናቸው።

በማግስቱ ፎቶውን ይዛ ፕሮፌሰሩ ቤት ሄደች። በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«መርፌዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልትወጊ ነው?»

«ተራው የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

ፎቶውን ብዙ ጊዜ አዩት። ብልህ ሰው ናቸውና አልካዱም። ወረቀቷን የነቀሏት እርሳቸው መሆናቸውን፣ የተጠገነ ናሙና ይዞ ዓለም ፊት መቅረብ አሳፍሯቸው እንደነበር ተናገሩ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ሳይለውጡ ያጣበቀችው እርሷ መሆኗን አስታወሷት። ይህን ካወጣች በሃያ ስድስት ዓመት በእጇ ያለፈው ሁሉ ይጠረጠራል፤ ገደሉ ለሁለት ነው። ደግሞም የስያሜውን ሕግ ያውቁታል፤ አንዲት ናሙና ከሁለት አካል ተሰፍታ ስትገኝ ስሙ ለየትኛው አካል እንደሚቀር የሚወስነው ነገሩን መጀመሪያ የገለጠው ሰው ነው። ለክንፉ ከሰጠችው ስሙ አዲስ ፍጥረት ይዞ ይኖራል። ለሆዱ ከሰጠችው፣ የጎመኗ የእሳት እራት ቀድሞ የራሷ ስም አላትና፣ የፕሮፌሰሩ ስያሜ ከሥሯ ተቀብሮ ይቀራል።

«ለክንፉ ስጪው፣ ልጄ። ከደን ያመጣሽውም እኮ ክንፉን ነው።»

እውነታቸውን ነበር፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው። ፕሮፌሰሩ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ደፉት።

«እኔን ቅጪኝ። እናቴ ምን አደረገችሽ? የሞተች ሴት ስም ከጎመን ትል ሥር ይቀበር?»

«የኔ እናትስ ምን አድርጋዎት ነበር? ያን ቀን ከፊትዎ ተቀምጣ፣ ስሜን ልትሰማ ስትጠብቅ?»

ፕሮፌሰሩ ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ። ለማስታወስ ከልባቸው ደከሙ።

«እናትሽ? እናትሽ መጥታ ነበር እንዴ?»

እትዬ መርፌ እስከዚያች ቃል ድረስ ልቧ ወደ ክንፉ አዘንብሎ ነበር። ፎቶዋን ከጉልበታቸው ላይ አነሣች፤ እንደ ደንቡም ጤና ይስጥልኝ ብላ ወጣች።

ዘገባዋን በሁለት ቀን ጻፈች። የመጀመሪያው አንቀጽ የራሷን ስሕተት ይናዘዛል፤ ሁለተኛው የተነቀለችውን ወረቀት ያወጣል። ሦስተኛው ላይ የራሷን ቃል አልጨመረችም፤ ፕሮፌሰሩ ያኔ የጻፉትን ገለበጠች። «ክንፍ ያታልላል፤ የዚህች ፍጥረት ማንነት ያለው በሆዷ ነው» ይላል። እንግዲያስ በሰያሚው በራሳቸው ቃል ስሙ የሆዱ ነው አለችና ነጥብ አኖረች።

ኃላፊው አንብቦ አስጠራት። ሦስተኛውን አንቀጽ እንድታለዝብ ለመናት፤ የሽማግሌውን ዕድሜ፣ የተጠራውን እንግዳ ሁሉ ቆጠረላት። ቃል አልለወጠችም። አዳራሹ ያለ ስም ተመረቀ፤ ፕሮፌሰሩም አልመጡም። እርሷም ቀይ ሙጫ የነካው ናሙና ሁሉ እስኪመረመር ድረስ የመሳቢያዎቹን ቁልፍ እንድታስረክብ ታዘዘች። የሚመረመሩትን ዝርዝር ራሷ አዘጋጅታ ስለነበር አልተከራከረችም።

ቁልፉን ከማስረከቧ በፊት ያችን መሳቢያ ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተች። አመድማዋ የእሳት እራት ሆድ የላትም፤ ስምም የላትም፤ ክንፏን ግን እንደ ዘረጋች ናት። እትዬ መርፌ በቀጭን ብዕር አዲስ ወረቀት ጻፈች። «ሆዱ የሌላ ነበር። በስሕተት ያጣበቅሁት፣ ክንፉንም ከደን ያመጣሁት እኔ ነኝ።» ከሥሩ ሰው ሁሉ የረሳውን ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አኖረች፤ ወረቀቱንም በመርፌው ሰካችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ መርፌ ላይ ስሟ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ባዶው ክፍል ውስጥ ጎንበስ አለችና፣ ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚነበብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስሟን አነበበችው።