መሃል መንገድ ላይ የምትቆም እናት

እናትየው ፊደል መቁጠር የጀመረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የጎልማሶች ክፍል መምህሯ «ስታነቡ ምልክት ካያችሁ ቁሙ፣ ትንፋሽ ውሰዱ» ብለዋል፤ እሷም ከቃላቸው ዝንፍ አትልም።

የምትታከምበትን ክሊኒክ አዲስ ድረ ገጽ የሠራችው ልጇ ዛሬ ጠዋት የድረ ገጹን አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት።

«እማዬ፣ ስልክሽ ላይ ገልብጪውና ቀጠሮሽን ራስሽ ያዢ። እኩለ ቀን ላይ ለሕዝብ ይከፈታል፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ሁኚ።»

እናትየው መነጽሯን አድርጋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። ዘንበል ያለች መስመር (/) ጋ ስትደርስ፣ ምልክት ናትና ቆማ «ሂድ» የሚለውን ተጫነች። የክሊኒኩ ፎቶ ወጣ፤ ደስ አላት። ቀጠለች። ሁለተኛዋ መስመር ጋም ቆማ ተጫነች። አሁን የወጣው ረጅም የታካሚዎች ስም ዝርዝር ነው። ሦስተኛው የራሷ ስም ነበር፤ መጀመሪያ መጻፍ የተማረችው እሱን ስለሆነ አይጠፋትም። ነካ ስታደርገው ያለፈው ወር የደም ምርመራ ውጤቷ ተዘረገፈ።

ክው አለች። «ልጄ፣ የሰው ጓዳ ገባሁ መሰለኝ።»

ልጅቷ ስልኩን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሰው እስከ መጨረሻው ጽፎ ነው የሚገባው። መሃል ላይ የሚቆም ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።»

«እኛ ክፍል ሁላችንም እንቆማለን።»

ልጅቷ ሰርቨሩ የሚታዘዝበትን ፋይል ከፍታ ያንን መንገድ የሚከለክል ትእዛዝ ጻፈች። «በቃ፣ ተዘጋ።»

«እስኪ ልየው።» እናትየው ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛዋ መስመር ጋ እውነትም ተዘግቷል። ሦስተኛዋ ጋ ግን የባለቀጠሮዎች ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው ወጣ።

«ደሞ ይሄ?» ልጅቷ ጭንቅላቷን ያዘች። «ስንቱን በር ልዝጋ?»

«ቤታችንን እንዴት ነው የምንዘጋው? ሁሉንም ዝጊና የሚፈለገውን ብቻ ክፈቺ።»

ልጅቷ እናቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ የጻፈችውን ደመሰሰች። መጀመሪያ ሁሉንም ከለከለች፣ ቀጥሎ የፊቱን ገጽና የቀጠሮ ቅጹን ብቻ ፈቀደች። እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ቀርቷል።

እናትየው እንደገና ጻፈች። ሁለተኛዋ መስመር ጋ ቆመች፤ ተጫነች።

«መ...ግ...ባት ክል...ክል ነው» ብላ ጮክ አድርጋ አነበበች። ቀጣይዋም ጋ ያው። መጨረሻው ላይ ቅጹ ተከፈተላት።

«ነገ የክፍልሽን ሰዎች ሁሉ ይዘሽልኝ ነይ» አለች ልጅቷ። «መጥተው እንዳንቺ መሃል መሃል ላይ ይቁሙልኝ።»

እናትየው አልሰማቻትም። ቅጹ ላይ ስሟን እየጻፈች ነበር፤ እሱን ሳትቆም ጨረሰችው።