ማርሽ ያለው መጋዝ

ሁለቱን የሞተር መጋዞች መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡና እኔን ደግሞ ከመጋዞቹ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ባሌ ኦቻላ በሞተ በወሩ ነው፣ ጋምቤላ ገና ክልል አሥራ ሁለት መባል በጀመረች ሰሞን። የተሰበሰብነው ባሮ ዳር ካለው ቤታችን ደጅ ነበር። ሽማግሌ ሆኖ የመጣው የኦቻላ አጎት ጋሽ ኦፒው ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ደግሞ የኦቻላ ታናሽ ወንድም ኦጁሉ። እሱም እንደ ወንድሙ ግንድ ቆራጭ ነው።

ጉዳዩ አጭር ነው። በነሱ ወግ ወንድም ሲሞት ሚስቱ ለወንድሙ ትሆናለች፤ ሜዳ ላይ አትጣልም። የሟቹም ዕቃ አብሯት ይሄዳል። ኦቻላ ከእኔ ሌላ የተወው ያንን አሮጌ መጋዝ ብቻ ስለሆነ፣ እኔና መጋዙ በአንድ ቀን ተጠቅልለን ወደ ኦጁሉ ግቢ እንድንገባ ታስቦልናል። ልጅ አልወለድንም፣ የሚከራከርላት የለም ብለው ይሆናል። እኔ የራሴ አፍ እንዳለኝ የረሱት ይመስለኛል።

ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም፣ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ኦቻላ ታሞ ሲወድቅ በጀርባው ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰው ኦጁሉ ነው። ግን ሰው ደግ ስለሆነ ብቻ ያገቡታል እንዴ? እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ኦቻላን ስወድ እናቴ አኩርፋ፣ አባቴ ቤቴ እንዳትደርሺ ብሎኝ ነው ያገባሁት። አንዴ መርጫለሁ፣ ሁለተኛውን ሌላ ሰው የሚመርጥልኝ ምን ቆርጦት ነው?

"ፀዳለ፣" አለ ጋሽ ኦፒው በእርጋታ፣ "ብቻሽን ሆነሽ ምን ትበያለሽ?"

"በመጋዙ እበላለሁ፣ ጋሽ ኦፒው። አዲስ የሚከፈተው የክልሉ ቢሮ ሁሉ በርና ጠረጴዛ ይፈልጋል። ጣውላ ጠፍቶ ሰው እየተራኮተ አይደል?"

ኦጁሉ ሳቅ አለ። "በዚህ አሮጌ? በዚህ እኮ ወንድ ራሱ ይደክማል። የኔን እይ።" በድንበር ከተማዋ በማታር በኩል ያስመጣውን ብርቱካናማ መጋዝ በአንድ እጁ ብድግ አደረገው። "ቀላል ነው። ሞተሩ ሰንሰለቱን ራሱ ያዞራል፣ መሃል ማርሽ የለም። ዘይቱን ለሰንሰለቱ ራሱ ያጠጣል። አንድ ጊዜ ስትጎትቺው ይነሳል።"

"እውነትህን ነው፣" አልኩት። እውነቱን ነዋ። የሱ መጋዝ እንደ ንብ ነው የሚጮኸው፣ ቅርንጫፍ ላይ ማንም አይደርስበትም። የኛው ሲነሳ ግን አካባቢው ይረበሻል። ብልጭታ የሚሰጡት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ዝናብ በጣለ ቁጥር ይለግማሉ፤ ፈትቶ በአሸዋ ወረቀት ማሸት ነው። የማስነሻ ገመዱን በደንብ ካልያዝሽው ይመልስና ክንድሽን ይገነጥላል። ሰንሰለቱ ዘይት የሚያገኘው አንቺ በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ ስታጠጪው ነው።

"ግን የኔ ማርሽ አለው፣" አልኩት። "ያንተ ሞተር በፍጥነት ይዞራል፣ ሰንሰለቱም አብሮት ይሮጣል። ወፍራም ወርካ ውስጥ ሲገባ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ሞተሩን ከሰንሰለቱ የሚያያይዘው ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፣ ይጨሳል፣ ታወጣዋለህ፣ ታሳርፈዋለህ። የኔ ሞተር ሰንሰለቱን በማርሽ ነው የሚገፋው። ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። አቦቦ መንገድ ላይ የወደቀውን ግንድ ማን ቆረጠው? አንተ ሁለት ቀን ታግለህ ትተኸው አልሄድክም?"

ኦጁሉ መጋዙን መልሶ መሬት አስቀመጠ። ያንን ግንድ የቆረጥነው እኔና ኦቻላ ነን። የኛ መጋዝ ጫፉ ላይ ሌላ እጀታ አለው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚሠራበት። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ያንን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ስንጣላ እንኳ ግንድ ላይ ተጣልተን አናውቅም።

"እሺ፣ አሁን ጫፉን ማን ይይዝልሻል?" አለ ኦጁሉ።

"ጎረቤቴ ርብቃ። ተነጋግረናል።"

"ሁለት ሴቶች!"

"ሁለት ሴቶች፣ አዎ። ግንዱ ማን እንደቆረጠው አይጠይቅም።"

ጋሽ ኦፒው ጉሮሮውን ጠረገ። ከፋኝ፤ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ ነገሩ እንዳለቀ አውቃለሁና። "ልጄ፣ እኛ አንጠላሽም፣" አለ። "ሴት ብቻዋን ስትቀር ሰው ይንቃታል። ስለዚህ ወደ ኦጁሉ ትሄጃለሽ። መጋዙም አብሮሽ። ተወስኗል።"

አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ብድግ ብዬ ቤት ገባሁና ካርቡራተር የምናጥብበትን ንጹህ ቤንዚን በጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። መጋዙን ገልብጬ በውስጡ የነበረውን ነዳጅ በሙሉ መሬት ላይ አፈሰስኩት፣ ጠርሙሱንም ታንኩ ውስጥ ገለበጥኩት። ቀስቅሼው ዕቃዬን ማሳየት የፈለግሁ መስሏቸው አልከለከሉኝም። በእግሬ ረግጬ፣ ገመዱን ጠቅልዬ ሳብኩት። በሦስተኛው ተነሳ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት።

የነዚህ ሞተሮች ነገር እንዲህ ነው፤ ሌላ የሚያለሰልሳቸው የለም፣ የሚጠጡት ቤንዚን ውስጥ የተቀላቀለው ዘይት ነው የሚያኖራቸው። የኦጁሉ መጋዝ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። የኛ አሮጌ ግን ብዙ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በሰማያዊ ጭስ ነው የሚሠራው። ያለ ዘይት ባዶ ቤንዚን ሰጥተሽ ካስጮኽሽው ደግሞ ብዙ አይቆይም፤ ፒስተኑ ይግላል፣ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል፣ ያበቃለታል። እኔም እንዲያበቃለት ነበር የፈለግሁት። አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ ለማስፈራራት አልነበረም።

ጋሽ ኦፒው ጆሮውን ያዘ። ኦጁሉ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ግን ጭስ የለም። ኦጁሉ ጠርሙሱን አየ፣ መሬት ላይ የፈሰሰውን አየ፣ እኔን አየኝ።

"አጥፊው!"

አላጠፋሁትም። ሮጦ መጥቶ ማጥፊያውን ተጫነ። ማጥፊያው ግን ከተሰበረ ቆይቷል፤ እኛ የምናጠፋው የአየር መግቢያውን በመዝጋት ነው፣ እሱን ደግሞ በክንዴ ከልዬዋለሁ። የሞተሩ ድምፅ እየሳሳ፣ እየቀጠነ ሄደ፣ የጋለ ብረት ሽታ መጣ። ኦጁሉ ከዚያ በኋላ አላሰበም። እጁን ሰደደና ለሞተሩ ብልጭታ የሚያደርሰውን የካንዴላ ገመድ በባዶ እጁ መንጭቆ ነቀለው። ኤሌክትሪኩ መታው፣ ወደ ኋላ ተወርውሮ በቂጡ ቁጭ አለ። ሞተሩ ቆመ።

ተንፏቅቆ ተመለሰ። ሲሊንደሩን ሲነካ ጣቱን ፈጀው፣ ግን አልተወውም። ሲቀዘቅዝ ጠብቆ የማስነሻውን ገመድ በጣም ቀስ አድርጎ ሳበው። ከበደው። እንደገና ሳበ። ዞረ። እኔም ልግደለው ያልኩት ሞተር ሲዞር ሳላስበው ተመስገን አልኩ።

"የወንድሜን ሞተር ልትገድይው ነበር፣" አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "እሱ እኮ እዚህ ደጅ ቁጭ ብሎ ስንት ጊዜ ፈታው። የፒስተኑን ቀለበት በመኝታ ልብሱ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር።"

"እኔ አልነበርኩም አጠገቡ የነበርኩት?" አልኩት። "አንተ ለብረቱ እንዲህ ካለቀስክ እኔን ምን ብለህ ነው እንደ ብረት የምትወስደኝ? ብትወስዱን ሁለታችንም የማንጠቅም ሆነን ነው የምንደርሳችሁ። መጋዙን አይታችኋል። እኔ ደግሞ ከሱ የባስኩ ነኝ።"

ጋሽ ኦፒው በትሩን አንስቶ መሬቱን ያይ ጀመር። ኦጁሉ ተነሳ፣ የካንዴላውን ገመድ ወደ ቦታው መለሰ፣ ከራሱ ጀሪካን ነዳጅ ቀድቶ ተጨማሪ ዘይት እየጨመረ ደጋግሞ በጠበጠው። ታንኩ ውስጥ የቀረውን ባዶ ቤንዚን ደፍቶ አዲሱን ሞላና ክዳኑን አጥብቆ አሰረው። መጋዙን በሁለት እጁ አንስቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

"ያዢው፣" አለኝ።

"እኔስ?"

ወደ ጋሽ ኦፒው ዞሮ አላማከረም። የራሱን ብርቱካናማ መጋዝ ትከሻው ላይ አድርጎ መንገድ ጀመረ።

"አንቺም የራስሽ ነሽ፣" አለ፣ ዞር ሳይል።