ወፍራሙ ሽቦ

ፒያሳ ሲፈርስ ጥበብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግንበት ሱቁም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነው የሚውለው። ታላቅ እህቱ የሺ ብትቆጣውም፣ ብትለማመጠውም አልነሳም አላት። መጨረሻ ላይ ያስነሳው ከአንድ የፈረሰ ቡና ቤት የወጣ የኒዮን መብራት ትራንስፎርመር ነው። ያንን ብረት እሪ በከንቱ እስካለው ቤታቸው ድረስ ተሸክሞ መጥቶ፣ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ቀጭን ሽቦ ሲጠመጥም ሰነበተ። ቴስላ ኮይል ይለዋል። መብረቅ ይተፋል አላት።

«ምን ሊሠራልህ?»

«ምንም አይሠራም። ያምራል።»

ከአልጋ መነሳቱን አይታ ተወችው። የፈራችው እንዳይገድለው ነው። ሌላ ወንድም የላትም።

ስለዚህ ሽቦ ሊገዛ ሲወጣ ተከተለችው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለው የሐዱሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገቡ።

«ወፍራም ጎማ የለበሰ ስጠኝ፤ መዳቡ ቢቀጥን ግድ የለኝም» አለው ጥበብ። «አሥራ አምስት ሺህ ቮልት ነው የሚያልፍበት።»

ሐዱሽ ሳቀ። «ሰፈሩን ልታበራው ነው ልታነደው? የኒዮን ገመድማ ድሮ ቀረ። የመኪና የካንዴላ ገመድ ፈልግ፤ እኔ ጋ ግን የለም።»

የሺ ባንኮኒው ላይ የተጠቀለለውን ጎተተች። «ይሄስ?»

«የምጣድ ሽቦ ነው፣ እትዬ የሺ።»

«በቃ፣ ይሄ ነው።»

«እታለም» አለ ጥበብ፤ «እሱ ውስጡ ነው የወፈረው። ልብሱ ስስ ነው፤ ይሄ ኃይል ደግሞ ልብሱን ነው የሚበሳው።»

«ውፍረቱን በዓይኔ እያየሁ! እኛ ግቢ ቤት የነደደው በቀጭን ሽቦ አይደል? አፈር ስደፋ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ይሄን ካልገዛህ ያ ብረት ቤቴ አያድርም።»

ጥበብ ሐዱሽን አየው። ሐዱሽ ጣራ ጣራውን አየ። ጥበብ ለምጣዱ ሽቦ ከፈለ። ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ለክርክር የሚሆን ጉልበት የለውም።

ቤታቸው ጠባብ ነው። ሽቦው ከጎረቤታቸው ከኡሙሰልማ ጓሮ በሚለያቸው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ከመሄድ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ቅዳሜ ከሰዓት ሶኬቱን ሰካው። ቤቱ ተንጣጣ። ከቱቦው ጫፍ ሐምራዊ መብረቅ ተዘረጋ። ጥበብ ሳቀ፤ የሺ ሲስቅ ካየችው ስንት ጊዜዋ! እሷም ልትስቅ ስትል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ከሽቦው ወደ ቆርቆሮው ሰማያዊ እሳት ይዘላል። ከግድግዳው ወዲያ ኡሙሰልማ ጮኸች።

ጥበብ ሶኬቱን ነቀለ። ሮጠው ሲደርሱ ኡሙሰልማ ካጠበችው ልብስ መሀል ወድቃለች። እርጥብ እጇን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ ነበር።

«ያ አላህ! የሺ፣ ምን አደረግሽኝ?»

ነፍሷ ተረፈ። ሁለት ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉላትም።

ከሕክምናው ሲመለሱ ጥበብ፣ «የካንዴላ ገመድ አገኛለሁ» አለ። «ከግድግዳው አርቀዋለሁ። ውጪ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሰው በሌለበት። ይሆናል፣ እታለም።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላነሳባትም። የሺን ያበገናት ይሄው ነው።

«አለቀ!» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ወጥታ በመንደሩ የሚያልፈውን አሮጌ ዕቃ ገዢ ቁራሌ ጠርታ አስገባች። ጥበብ ሲጮህባት የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታለች፦ የሰው ነፍስ፣ የጎረቤት ጣት፣ ቤቱ የእኔ ነው። ሰውዬው ትራንስፎርመሩን ሲያነሳ ተንገዳገደ።

«ከሥሩ ያዘው፣ ይከብዳል» አለው ጥበብ። ጫማውን አውልቆ ተኛ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምሳ አቀረበችለት። አልዞረም።

«ስደበኝ እንጂ» አለችው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጀርባውን አየች። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ወንድሟ አልሞተባትም። ምሳው ሲቀዘቅዝ አንስታ ከደነችው።