የጆንያ ቁጥር ሦስት ትል

«የብሎክ ዐሥራ አራት ነዋሪዎች ኮሚቴ፣ በጆንያ ቁጥር ሦስት ጎመን ላይ ትል መታየቱን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ጎመኑ ቅዳሜ ጠዋት በነዋሪዎች ፊት ይነቀላል።»

ደረጃው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ማኅተም ሳይቀር አርፎበታል። ግቢያችን ውስጥ አፈር ሞልተን ጎመን ከተከልንባቸው ዐሥራ ሁለት ጆንያዎች፣ ቁጥር ሦስት የእኔ ነው። አፈሩን ከጌጃ ሰፈር በባልዲ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።

ግቢው ልጆች የሚጫወቱበት ስለሆነ ማንም የትል መድኃኒት ላይረጭ ሁላችንም ቃል ገብተናል። እኔ ሞኟ አልረጨሁም። መነጽሬን አድርጌ በጣቴ ነው የምለቅመው። ነጯ ቢራቢሮ ከቅጠሉ ጀርባ እንቁላሏን ትጥላለች። በሳምንቱ ክር የምታክል ትል ትወጣና ሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ሃፍረት ትበላለች። ስትጠግብ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ ዝም ትላለች፤ ዝም ያለን ደግሞ እዚህ ግቢ ማንም አይነካም። ከዚያ ነጭ ለብሳ ትበራለች፤ ልጆቹ ያጨበጭቡላታል፤ እሷ ተመልሳ ጎመኔ ላይ።

ቅዳሜ የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ኃይለሚካኤል ከረባት አሥረው ወረዱ።

«ወይዘሮ እንዳለች፣ ትሉ የሚነሳው ከእርስዎ ነው።»

«ቢራቢሮዋ ዐሥራ አንድ ጆንያ አልፋ እኔ ጋ ብቻ የምታርፈው ለምንድን ነው? ዘመዴ ናት?»

የአንደኛ ፎቁ ቶሌሳ ሳቀ። «እጅዎ ጣፍጧት ይሆናላ፣ ማዘር!»

«ያንተስ ጎመን ምን ተቀብቶ ነው እንደ ፕላስቲክ የሚያበራው?»

«ጸሎት ነው።»

«ጸሎት አፍንጫ ይቆጠቁጣል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ጫማውን አየ።

«ይሄ ስም ማጥፋት ነው!» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል። «እኔ ከሳሙና ውኃ በቀር ነክቼው አላውቅም። ይነቀል የምትሉ?»

ዐሥራ አንድ እጅ ወጣ። ጆንያዬን አቅፌ፣ «መጀመሪያ እኔን ንቀሉኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አቶ ኃይለሚካኤል እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎንበስ ሲሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ ወንፊት ይዘው ከደረጃው ወረዱ። አንድ ቀዳዳ በሌለው በራሳቸው ጎመን አጠገብ አለፉና እኔ ጋ ደረሱ።

«እንዳልዬ፣ ትንሽ ልቀንጥስ? ምራቴ ሴና አራስ አይደለችም እንዴ? ጎመን አማራት።»

መልሴን አልጠበቁም። ይበልጥ የተበሳሳውን ቅጠል እየመረጡ፣ ትሏን በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ጎን እያሉ፣ ወንፊቱን መሙላት ጀመሩ።