ሁለት ስንዝር

ድሩ እንደገና ተበጠሰ። ዋለልኝ መወርወሪያውን አስቀምጦ ጫፍና ጫፉን ሊቋጥር ሞከረ፤ ክሩ ግን ሻካራ ጣቱ ላይ ተነጭቶ ቀረ። በሰው አገር፣ ላንግሊ ፓርክ ያለውን የአፓርታማውን ሳሎን ግማሽ የያዘውን መሸመኛ የሠራው ለዚህ ነጠላ ሲል ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ሚናስ የፊታችን እሑድ ክርስትና ይነሳል፤ አያቱ የሸመነውን ነጠላ እንደሚለብስም ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል። የቀረው ሁለት ስንዝር ነው።

ከሥራ ገና መመለሱ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ ሱፐርማርኬት አሳ ክፍል ይሠራል። ሴት ልጁ ዮሐና ኮሌጅ ከገባችበት ዓመት ጀምሮ በረዶ ሲዝቅ፣ ቅርፊት ሲፍቅ፣ እሾህ ሲወጋው የጣቶቹ ቆዳ ሞረድ ሆኗል።

ጫሞ ሐይቅ ዳር ባደገበት መንደር አባቱ ሸማኔ ነበሩ፤ አጎቱ ደግሞ አሳ አጥማጅ። በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ፣ አጎቱ ድሩ አጠገብ ዝር እንዲል አይፈቀድለትም ነበር። "እጅህን ሰብስብ፣ ትነጭብኛለህ!" ይሉታል አባቱ። ያኔ ዋለልኝ በዚህ ይስቅ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ዮሐና ልጇን ሚናስን ታቅፋ ከምትኖርበት ከሎረል መጣች።

"አባዬ፣ ሽታህ እኮ ገና ደረጃው ላይ ተቀበለኝ" አለች እየሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ተወችው። "ዋት ሃፕንድ?"

"ተበጠሰ።"

"ኢትስ ኦኬ። ታይም ከሌለህ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደን እንገዛለን።"

ለሚስቱ ለባዩሽም ሳምንቱን ሙሉ የነገራት ጊዜ አጣሁ ብሎ ነበር። አሁን መዋሸቱ ራሱ ደከመው።

"ጊዜስ አላጣሁም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። የሸማኔ እጅ መሆኑ ቀርቷል።"

ዮሐና መዳፉን ይዛ አገላበጠችው። "ሎሽን ብትቀባውስ?"

"ድሩን ያቆሽሸዋል።"

ዋለልኝ መዳፉን የያዙትን የልጁን ጣቶች አየ። ለስላሳ ናቸው። የተሰማው ቅናት ይሁን ኩራት አልለየለትም። ወገቡን ይዞ ተነሳ።

"ልጁን ስጪኝና እዚህ ተቀመጪ።"

"ሚ? አባዬ፣ እኔ እኮ አልችልም!"

"አሳይሻለሁ።"

"ቢበላሽስ?"

"ይበላሻላ። እናቱ ሸመነችው እንላለን።"

እያመነታች ተቀመጠች። ዋለልኝ ሚናስን በክንዱ ደግፎ፣ እጁን ሰብስቦ ከኋላዋ ቆመ፤ የተበጠሰውን ክር እሱ እየነገራት ቋጠረችው።

"በይ" አላት፣ "በቀኝ እግርሽ ርገጪ።"