ውሃ ያልደረሰበት አጥር

ሠዓሊዋ እግሯ አንድ ቦታ አይረጋም። ከተማውን እየዞረች አጥር ፎቶ ታነሳለች፤ የሀብታሙን ሰፈር ከድሃው የሚለየውን ግንብ፣ ባቡር ሐዲዱ ዳር የተዘረጋውን ሽቦ፣ ትምህርት ቤቱንና ገበያውን ያቆራረጠውን ቆርቆሮ። ከዚያ ቤቷ ገብታ በስክሪን ህትመት ወረቀት ላይ ታሰፍራቸዋለች። የሰፈሩ ሰው «እመት አጥር» የሚል ስም አውጥቶላታል። እሱስ አልከፋትም። የከፋት የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሥራዎቿን አይታ ስታበቃ የጠየቀቻት ጥያቄ ነው። «የራስሽስ? አንቺ ግቢ አጥር የለም?» አለቻት።

አለ እንጂ። የራሷ እያረረባት የሰው የምታማስል ሴት ናት። እናቷ የተዉትን ግቢ ለሁለት የከፈለው ቆርቆሮ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ተገትሯል። የገተረው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሥራው ብየዳ ነው። እናታቸው በሞቱ ሰሞን «እማዬን ያስታመምኩ እኔ፣ አንተ እንደ እንግዳ መጥተህ አልቅሰህ ትሄዳለህ» ብላው ነበር። እሱ ሄዶ ብረት አመጣ፣ በየደ፣ ቆርቆሮ መታ፤ በር እንኳ አልተወለትም። ከዚያ ወዲህ ወንድሟን የምታውቀው በመዶሻው ድምፅና በሳሉ ብቻ ነው። ይናፍቃታል። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ያንን አጥር ልታትመው ተነሳች።

ስክሪን ማለት በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ነው። ብርሃን የሚያደርቀው ፈሳሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይቀባል፤ ምስሉ በጥቁር የታተመበት ፕላስቲክ ይነጠፍበትና ፀሐይ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ያገኘው ይጠነክራል። በጥቁሩ የተሸፈነው ሳይደርቅ ይቀርና ውሃ ሲያጥበው ለቀለሙ ማለፊያ ይከፈታል። ከፀሐይ እንደተነሳ ካልታጠበ ግን ሁሉም ደርቆ ይቀራል። እሷ ደግሞ ያላትን ፈሳሽ አሟጣ ቀብታዋለች።

ስክሪኑን ከፀሐይ አንስታ ቧንቧውን ስትከፍት ቧንቧው አንዴ አስሎ ዝም አለ። ጄሪካኑም ባዶ ነው፤ ስትቅበዘበዝ መሙላቱን ረስታዋለች። ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ያለው ወንድሟ ሮቶ ውስጥ ብቻ ነው።

ስክሪኑን በጥቁር ብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች። አጥሩ በር የለውምና በዳቦ ቤቱ በኩል፣ በጋራዡ ጀርባ፣ ሰፈሩን ዞራ መሄድ ነበረባት። ቆርቆሮው ባይኖር ጨው የሚዋዋሱበት ርቀት ነበር። እየሮጠች ወንድሟን ረገመች፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን ረገመች።

የወንድሟ ሚስት በሩን ከፍታ ደነገጠች። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ውሃ፣ እትዬ። ቶሎ።»

ወንድሟ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ከጓሮ ብቅ አለ። ስክሪኑን ፈትታ ስታስቀምጥለት ሰላም ሳይላት የውሃ ጎማውን ሮቶው ላይ ሰካና ውሃውን ለቀቀ።

«በቀስታ ጋሼ፣ ከበረታበት ይላጣል።»

ቀስ አደረገው። እነዚያ ብረት የሚያጣምሙ እጆች ጨርቁን እንደ ሕፃን ያጥቡት ጀመር። የቆርቆሮው ሸንተረር ተራ በተራ ብቅ አለ፤ ከዚያ ብረቱ፣ ከዚያ ብየዳው። ወንድሟ እጁን ገታ።

«ይሄ የኔ አጥር ነው።»

«አዎ።»

«ገመናችንን አደባባይ ልትሰቅይው?»

«የሰውን ሁሉ ሰቅዬ የራሴን ልደብቅ? በር እንኳ አልተውክለት።»

«እንግዳ ነህ የተባለ ሰው በር ምን ያደርግለታል?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። ጎማው ከእጁ ወርዶ መሬቱን ያጠጣል።

ይቅርታ ማለት የነበረባት ያኔ ነው። ግን ዓይኗን ከፊቱ ስታሸሽ ስክሪኑን አየችው፤ ውሃ ያልደረሰው አንዱ ጥግ ፀሐይ ላይ ደርቋል። አሻሸችው፣ አልለቀቀም። ስክሪኑንና ብርድ ልብሷን ሰብስባ ወጣች።

ስታትመው የፈራችው ሆነ። አጥሩ ጥርት ብሎ ወጥቶ ዳር ላይ ሲደርስ የአንድ ቆርቆሮ ስፋት ያህል ባዶ ወረቀት ነው። ሌላ ለመሥራት ፈሳሽ የለም። እንዳለ ሰቀለችው።

ወንድሟ ኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ላይ ይመጣል ብላ አላሰበችም፤ ከሚስቱ ጋር መጣ፣ ኮት ለብሶ። ሥዕሉ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ተመልካች ለጓደኛው «አጥሩን የሠራው ሰው እዚህ ጋ ሳይጨርሰው ትቶታል» ሲል ሰማ። ጆሮው ቀላ። እየተንደረደረ እህቱ ዘንድ ሄደ።

«እኔ ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ ትቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ውሃ ሳይደርሰው የደረቀ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ተነፈሰች። «ያኔ እንግዳ ያልኩህም የኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ። አንተም እናትህን ነው ያጣኸው።»

ወለሉን አየ። «ሥዕሉን አስተካክይው» አለ።

«አይስተካከልም።»

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል» አለች ሚስቱ፣ ባሏን በጎን እያየች። እሱ ኮቱን ቆልፎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሠዓሊዋን የቀሰቀሳት የብረት መቁረጫ ጩኸት ነው። በመስኮት አየች። አጥሩ ዳር ላይ ልክ ሥዕሉ የጎደለበት ቦታ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ተገነጠለ፣ ወደቀ። በክፍተቱ ወንድሟ ገባ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጣች።

«ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ተወው ሲለኝ አልወድም» አለ፣ ሳያያት። «አሁን ከሥዕሉ ጋር ልክ ነው።»

 የወደቀውን ቆርቆሮ በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ውሃሽ መጣ?»

«አልመጣም።»

«በይ ባልዲሽን አምጪ።»