የእሁድ ዕጣ

ሊቀመንበር ስለ ድሮ እሁድ ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። ሊቀመንበር የሚሉት ቤተሰቡ ነው። የበኩር ልጅ ነውና ሦስት ሰው በተቀመጠበት ሁሉ ካልመራሁ ይላል። ያን ቅዳሜ ከሰዓት እናታቸው ሳሎን ሦስቱም ልጆች ተሰብስበው ሳለ እንደ ልማዱ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እንደዚያ ያለ እሁድ ከየት ይመጣል?" አለ። "አባዬ ክራቫቱን አስሮ፣ እማዬ እንቁላል ቀቅላ፣ ዳቦውን በቅርጫት ይዛ፣ ሁላችንም አውቶቡሱ ላይ ግር ብለን ወጥተን፣ ሐይቁ ዳር ምንጣፍ አንጥፈን... ቤተሰብ ማለትማ ያኔ ቀረ!"

የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ የአውቶቡስ ሹፌሯ፣ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ይሄ "ሁላችንም" የሚለው ነገር እሷን አይጨምርም። ያ ምንጣፍ ላይ አንድም እሁድ ቁጭ ብላ አታውቅም።

አባታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የቤቱ የፊት ክፍል ወርክሾፑ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ በሰው ሬዲዮ የታጨቀ። "የሰው ንብረት ያለበት ቤት ባዶውን አይተውም" ይል ስለነበር እሁድ እሁድ ከልጆቹ አንዱ ቤት ሊጠብቅ ይቀራል። ማን እንደሚቀር በክብሪት እንጨት ዕጣ ይወጣል፤ አጭሩ የደረሰው ይቀራል። እንጨቶቹን በጡጫው የሚይዘው ሊቀመንበር ነው። "ትንሿ ትቅደም!" ይላል ሁልጊዜ፤ ደግ ወንድም መሆኑ ነው። ትንሿ ትቀድማለች፣ አጭሩ ይደርሳታል፣ እሱም የቀሩትን እንጨቶች ምድጃ ውስጥ ወርወር ያደርጋቸዋል።

በየሳምንቱ ይኸው ነበር። አባትየው "ዕጣ ዕጣ ነው" ይልና ራሷን ዳበስ አድርጓት ይወጣል። ማታ ጫማቸው አሸዋ ሞልቶ እየተሳሳቁ ይመለሳሉ፤ እሷ ያልነበረችበትን ቀልድ እየደጋገሙ ሳምንቱን ይገፉታል። "ዘበኛችን" የሚል ስምም አወጡላት። በኋላ አባትየው ሞተና የእሁዱም ነገር በዚያው ቀረ።

እሷ ግን ዕድለ ቢስ ነኝ ብላ አደገች። ይሄ ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ያልደረሰበት ሰው ነው። ሎተሪ ቆርጣ አታውቅም። አንድ ደህና ሰው ላግባሽ ቢላት "ለእኔ እንዲህ ያለው ነገር አይሆንልኝም" ብላ መለሰችው፤ እሱም ሌላ አገባ። ሥራ ስትመርጥ ብቻ እልህ ያዛትና የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነች። እሁድ ሌላው ሲያርፍ እሷ ተረኛ ነኝ ብላ ትወጣለች፤ ቤት ከመዋል መሪ ጨብጣ መዋል ይሻላታል።

ከወር በፊት ታዲያ ስልኳ ተበላሽቶባት መካከለኛው ወንድሟ ዘንድ ሄደች። እሱ የአባቱን ወርክሾፕ ወርሶ አሁን ስልክ ይጠግናል፤ ቤተሰቡም ጠጋኙ ይለዋል። ወሬ ወሬን አነሳና "እኔ መቼም ዕድል የሚባል ነገር አልፈጠረብኝ" ስትለው ሳቁ አመለጠው።

"የምን ዕድል? ሁሉም አጭር ነበሩ እኮ!"

"ምኖቹ?"

"እንጨቶቹ ናቸዋ! ጋሼ ሁሉም የተሰበሩ እንጨቶች ነበር የሚይዘው። አንቺን የሚያስቀድምሽ ለምን መስሎሻል? እስከ ዛሬ አላወቅሽም እንዴ?" ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። "ልጆች ነበርን እኮ፣ እህት ዓለም።"

"አንተም ታውቅ ነበር።"

"እኔማ ምን ላድርግ? አንቺ ካልቀረሽ እኔ ልቀር ነው።"

ደሟ ፈላ። ወር ሙሉ ቂሟን ከተሳፋሪው ጋር አሳፍራ ስትነዳ ከረመች። ይቅርታ አልፈለገችም፤ ሊቀመንበር ይቅርታ ጠይቅ ቢሉት ንግግር ነው የሚያደርገው። የፈለገችው አንዲት እሁድ ብቻ ነበር። እሱ እዚያ ቤት ብቻውን ይዋል፤ እሷ ሐይቁ ዳር እናቷ አጠገብ ትቀመጥ። ሌላ ምንም አላማራትም።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ ሊቀመንበር እንባውን ጠርጎ "ለምን ነገ እንደ ድሮው አንሄድም?" ሲል ቃሉን ከአፉ ቀለበችው።

"እንሂድ" አለች። "ግን እንደ ድሮው ከሆነ ዕጣውም አይቀርም። ወርክሾፑ ውስጥ የሰው ስልክ አለ።"

"አዎ... ይሁን፣ ለትዝታውም ደስ ይላል" አለ ሊቀመንበር። "እንጨቱን እኔ እይዘዋለሁ።"

"የለም፣ ጋሼ። የምንሄደው በእኔ መኪና ነው፤ እንጨቱንም የምይዘው እኔ ነኝ።"

እሁድ ጠዋት እናታቸው ከሁሉም ቀድማ ተነስታ፣ እንቁላሉንና ዳቦውን በቅርጫት አሰናድታ፣ አዲሱን ሻርፕ አስራ፣ ጫማዋን አጥልቃ ሶፋው ላይ ትጠብቅ ነበር። ሹፌሯ ወጥ ቤት ገብታ ክብሪቶቹን አንድ በአንድ ሰበረች። አንድም ረጅም አላስቀረችም። ወጥታ ጡጫዋን ዘረጋች።

"ታላቅ ይቅደም!"

ሊቀመንበር እየሳቀ መዘዘ። እጁ ላይ የቀረችውን ቁራጭ አየ፣ ከዚያ የእህቱን ጡጫ አየ፣ ሳቁም ከፊቱ ላይ ጠፋ። እጅሽን ክፈቺ እንዳይላት የገዛ ራሱ ነገር ሊከፈት ነው። ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ዓይኑን ወደ እናቱ ላከ።

"ዕጣ ዕጣ ነው፣ ጋሼ" አለችና ሽበቱን ዳበስ አደረገችው። ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ እስከ እግር ጥፍሯ ድረስ ደስ አላት።

እናትየው ሻርፗን መፍታት ጀመረች።

"ምነው እማዬ?"

"እኔም እቀራለሁ። እሱን ብቻውን ጥዬው አልሄድም።"

"አንድ ቀን እኮ ነው!"

"አንድ ቀንስ ቢሆን? ሆዱ ሲባባ አታዪውም?"

"እኔስ?" አለች ሹፌሯ፤ ድምጿ እንዲያ ከፍ ይላል ብላ አላሰበችም። "ያን ሁሉ እሁድ ስቀር አንድ ቀን አብረሽኝ ቀርተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንቺማ ትችዪዋለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ለምደሽዋል።"

"ዕጣው ውሸት ነበር፣ እማዬ! እንጨቱን ሁሉ እየሰበረ ነበር የሚይዘው!"

እናትየው አልደነገጠችም። ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ድምጿን አለሳለሰች። "እሱ የት ያውቅበትና? እኩል አድርጎ መስበር መች ይሆንለታል። እኔ ነኝ እየሰበርኩ የምሰጠው።"

ሊቀመንበር እጁ ላይ ያለችውን ቁራጭ ኪሱ ከተተ።

"እሱ የቀረ ዕለት በለቅሶ ቀኑን ያበላሽብናል" አለች እናትየው፤ ወደ ጠጋኙ በአገጯ ጠቆም አደረገች። "ይሄኛው ደግሞ ብቻውን ከተተወ የሰው ሬዲዮ ይፈታታል። አንቺ አታለቅሺ፣ ነገር አታበላሺ። አንቺን አምኜ እኮ ነው፣ ልጄ።" ይህን ስትል እያመሰገነቻት ነበር።

የሹፌሯ ጡጫ ተከፈተና ስብርባሪው መሬት ላይ ተበተነ። ማንም አላነሳውም። ወር ሙሉ የተሸከመችው ቂም አድራሻውን ስቶ ኖሯል። እናትየው ከበኩር ልጇ ጎን ጠጋ ብላ ጀርባውን ማሻሸት ጀምራለች።

"እናንተ ሂዱ" አለች ቀና ሳትል። "የእኛን ድርሻ ብቻ ከቅርጫቱ አውጡልን። እዚህ ቤት ሌላ የሚበላ የለም።"

ሹፌሯ ቅርጫቱን እንዳለ አንስታ ወጣች። ጠጋኙ መኪናው ድረስ እየሮጠ ተከተላት።

"እህት ዓለም፣ ምሳቸውስ? እማዬ እኮ አሮጊት ናት፤ ባዶ ሆዷን እንዴት ትውላለች?"

ቅርጫቱን ለእናቷ ባዘጋጀችው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ቁልፉ መጀመሪያ እምቢ አላትና በሁለተኛው ሙከራ ሞተሩን አስነሳች።

"ትለምደዋለች" አለች።